ውዳሴ ዓውደ ጥናት

ሰው ምስጋና ቢስ ነው። ከትምህርት ለራቁ ወጣቶች ተብሎ የመጣው ገንዘብ የት ገባ እያለ የሚያጉረመርም ሁሉ አንድ ቀን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚካሄደውን ዓውደ ጥናት ወርዶ ቢያይ አፉን በያዘ ነበር። ትምህርቱ እዚያ ነዋ! ፕሮጀክተሩ በርቷል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ፣ ከረሜላ፣ እስክሪብቶና የለጋሹ ዓርማ ያለበት ማስታወሻ ደብተር ተደርድሯል። ተማሪዎቹ ዕድሜያቸው ትንሽ ገፋ ይላል እንጂ ክፍሉ ሙሉ ነው። አብዛኞቹ ማስተርስ አላቸው፤ የመማር ፍቅራቸው ግን ዛሬም አልበረደም።

ዩኒሴፍ በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ናቸው ብሎ ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የሚቀመጠው። ተሳታፊው ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ "እጅግ አሳሳቢ ነው" ይላል፣ ከዚያ የሻይ ሰዓት ይደርሳል። ይህን ያህል ሐዘን በባዶ ሆድ አይቻልም፤ ሳምቡሳው የሚቀርበው ለዚሁ ነው።

ሕግ አክባሪነታችንም ሊመሰገን ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይብለጥ ይላል። መች በለጠና! ሆቴሉ አስተዳደር አይደለም፣ አቅም ግንባታ ነው። የጀልባ ሽርሽሩ የልምድ ልውውጥ ነው። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ናት፣ በፈጣን መንገዱ ደርሶ መመለስ ሲቻል ማደር ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ አበል በአዳር እንደሚታሰብ ገና ያልገባው የዋህ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ጥድፊያው ለብቻው ነው፤ በጀቱ ተመላሽ ሆኖ ከምናፍር ለሦስት ቀን ስለ ድህነት ብንመክር አይሻልም?

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአበል ወረቀቷ ናት። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይሳሳል። ገሚሱ "ስልክ ላናግር" ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፣ የቀረውም የጥሬ ሥጋው ነገር ከብዶት ያንቀላፋል። አስተባባሪዋ የፊርማ ወረቀቷን ይዛ ብቅ ስትል ታዲያ ከመዋኛው፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። ጠዋት ስሙ ሲጠራ አቤት ያላለ ሁሉ "እኔ እኮ አልፈረምኩም!" ብሎ ይጋፋል። መቅረትን እንዲህ ድራሹን የሚያጠፋ ዘዴ በየትኛው የትምህርት ጥናት ላይ ተጽፎ ያውቃል? አንድ የዋህ ተሳታፊ እጁን አውጥቶ "ልጆቹም ትምህርት ቤት ሲመጡ ጥቂት ነገር ቢታሰብላቸውስ?" ቢል፣ ጥገኝነትን ያስፋፋል ተብሎ በጭብጨባ ውድቅ ሆነበት።

ወጣቶች አልተወከሉም እንዳትሉ። የወጣቶች ተወካይ አለ፤ አርባን ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ጎልማሳ ወጣት ነው። ሌላው ደግሞ በሩ ላይ ይገኛል። አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ነው። የጥናት አቅራቢውን ጫማ ጠዋት እንደ መስታወት ያበራው እሱ ነው፤ ዘበኛው "ከዚህ ዞር በል፣ ስብሰባ አለ" እስኪለው ድረስ። ይህ ልጅ ቀደም ሲል ሁለት ፕሮጀክቶች መዝግበውታል፣ ፎቶ አንስተውታል፣ ቲሸርትም ሰጥተውታል። በሪፖርት ሁለት ልጅ ሆኗል። ለዘንድሮው ከተመዘገበ ሦስት ይሆናል፤ አንድን ልጅ በዚህ ፍጥነት ያበዛ ሌላ ፕሮግራም አላውቅም። ፊደል ባይለይም የለጋሾቹን ዓርማ በርቀት ይለያል።

ይህን የመሰለውን ሥርዓት የሚያበላሹ አልታጡም። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ስፒድ ስኩል አንዱ ነው። ከትምህርት የራቁ ሠላሳ ያህል ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ ከአካባቢው የተገኘ ወጣት አስተማሪ መድቦ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር ያስጨርሳቸውና መደበኛ ትምህርት ቤት ያስገባቸዋል። እናቶቻቸውንም በቁጠባ ቡድን ያደራጃል፣ ልጁ ኋላ ደብተር እንዳይቸግረው። በቃ፣ ይኸው ነው! ሐይቅ የለ፣ ቡፌ የለ። እንዲህ ያለው ነገር ከተለመደ ልጆቹ ተምረው ተምረው ያልቁና እኛ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ምን ልንጽፍ ነው?

በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ፣ ኋላም የዕርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ፣ አገር ሁሉ ስለ ልጆቹ ተጨነቀ። ልጆቹስ የለመዱት ነው። በአንድ ጀምበር ያለ አቅም ግንባታ የቀረው ባለሙያ ግን ማን እንዴት አደርክ አለው?

ደግነቱ ለጋሽ አይጠፋም። የዘንድሮው ዓውደ ጥናት ባለድርሻ አካላት በቅንጅት እንዲሠሩ አሳስቦ፣ ችግሩ ገና ስላልተፈታ ሁለተኛ ምዕራፍ እንዲኖር ወስኖ ተጠናቋል። የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሐዋሳ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ወጣቶቹ ይጋበዙ ወይስ አይጋበዙ የሚለው አጀንዳ ሰዓት ስለገፋ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።