ወላጅ አምጪ

የእህቴ ልጅ ዛሬ አንገቷን ደፍታ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት።

«አጎቴ፣ ነገ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።»

ተደባድበሽ ነው? አይደለም። ኮርጀሽ? አይደለም። ለካ የቤት ሥራ ሠርታ ነው! እናቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለምትሠራ ወላጁ እኔ ነኝ።

የቤት ሥራው «ዳይሬክተር ብሆን የምለውጠው» የሚል ነው። የዋህ ናትና እውነት የተጠየቀች መሰላት። የሽንት ቤቱን በር አስገጥማለሁ። በኅዳር ብርድ የግቢው በር ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይዘጋል። ሴት ዳይሬክተርም ትኑረን። ያረፈደ አስተማሪ እንደኛ ይንበርከክ። ወላጅ ያስጠራችው የመጨረሻዋ ሳትሆን አትቀርም። ሴት ዳይሬክተሯማ ምን ያስቆጣል? ደሴ እኮ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት፣ በወይዘሮ ስሂን ስም ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት።

የብርዱን ነገር ደግሞ ደሴ ያደገ ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን ባጃጅ የምታየው ጡሩምባውን ከሰማህ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰህ ስትወርድ ግን ሹራብህን አውልቀህ ትከሻህ ላይ ጣል ታደርጋለህ።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበር። የምወደው ተረት ነው፤ አንድም ቀን ሠርቼበት ባላውቅም። የሚከነክነኝ ግን፣ ደሴ ላይ በኅዳር ጠዋት ምን ዝንብ አለ? ዝንቡ ያለው ኮምቦልቻ ነው። እኛ አፋችንን ብንከፍት የሚገባው ጉም ነው። (የኮምቦልቻ ሰዎች አትቀየሙኝ፣ በሙቀታችሁ ቀንቼ ነው።)

አፍ ካልን አይቀር፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪ ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ ያነሳና የረባሽ ስም ይጽፋል። አንድ ቀን አስነጠሰኝ። ስሜ ተጻፈ። «ኧረ አስነጥሶኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቡ «በጣም» ብሎ ጨመረበት። አምስት አለንጋ መዳፌ ላይ አረፈ። ሲያወራ የነበረው ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ያ አለቃ ዛሬም አለ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኗል። ባለፈው ለቅሶ ቤት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ንፍሮ አብረን እየቆረጠምን፣ ቀሪ አደረገኝ! የቅጣቱን ገንዘብ ከፍያለሁ። ስለ ገንዘቡ አይደለም። 30 ዓመት ሙሉ የዚህ ሰውዬ እጅ ከስሜ ላይ አልነሳ አለ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስለ መጠየቅ።

ካልፈለጋችሁ አትጠይቁና! ማን አስገደዳችሁ? የገባሁበት ቢሮ ሁሉ ግድግዳው ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ የተቀመጠው አስተያየት ሊጻፍበት የሚችለው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። ስብሰባ ላይም «መድረኩ ክፍት ነው፣ በነፃነት ተናገሩ» ይባላል። አንዱ ሞኝ ይነሳና ይናገራል። በሻይ ዕረፍት ያ ሞኝ ብቻውን ቆሞ ሻዩን ሲጠጣ ታየዋለህ። ያ ሞኝ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። እኔስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ግን በር ይገጠምልን ስላለች ወላጅ ይጠራል?

ለማንኛውም ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት እዚያ ነኝ። ጋቢዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ካረፈድኩ ውጭ መቆሜ አይቀርም። የምናገረውንም ስለማመድ አመሸሁ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሰምታኝ ኖሮ፣

«አጎቴ» አለችኝ፣ «አስተያየት አለህ ወይ ካሉህ፣ የለኝም በላቸው እሺ?»