ያልተለካ መንገድ አይተነበይም

ባለፈው ሳምንት ስለ አዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ በተደረገ የሬዲዮ ውይይት አንድ ባለሙያ «ሎስ አንጀለስ ላይ የሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ (ከመረጃ እየተማረ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) አምጥተን የየመንገዱን ፍጥነት ቀድመን እናውቃለን፤ መንገድ እንደሆነ የትም መንገድ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አወያዩም አመስግኖ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

መንገድ የትም መንገድ አይደለም! የተባለው ኔትወርክ የሚሠለጥንበት መረጃ እ.ኤ.አ. በ2012 ከማርች እስከ ጁን በሎስ አንጀለስ ፈጣን መንገዶች ላይ ያሉ 207 ሴንሰሮች በየ5 ደቂቃው የመዘገቡት ፍጥነት ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በጉባኤ ያቀረቡት ኔትወርክ በዚሁ ላይ ሠልጥኖ ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚኖረውን ፍጥነት በአማካይ በሰዓት ከ3 ማይል ባነሰ ስህተት ተነበየ። ትልቅ ሥራ ነው። የተማረው ግን ከእነዚያ 207 ቦታዎችና በመካከላቸው ካለው ርቀት ነው እንጂ አዲስ አበባ ካለው መገናኛ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የዜሮው ነገር ነው። በዚያ መረጃ ውስጥ ሴንሰሩ ሳይመዘግብ ሲቀር ቦታው ላይ ዜሮ ይቀመጣል። ተመራማሪዎቹ ዜሮዎቹን ከስሌቱ ያወጧቸዋል፤ ካላወጧቸው ኔትወርኩ መኪናው ሁሉ ቆሟል ብሎ ይማራል። በፈጣን መንገድ ላይ ይህ ያስኬዳል። እኛ ጋስ? ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ሂዱና ቁሙ። ሚኒባሱ መሀል መንገድ ላይ ተገትሯል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ አውቶቡሱ ከኋላው ጡሩንባውን ይነፋል። ወዲያው ደግሞ አጀብ ሊያልፍ ነው ተብሎ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ይዘረጋል፤ ሃያ ደቂቃ የሚነቃነቅ ጎማ የለም። ይህ ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው። የመጣው ኔትወርክ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ከጣለው የከተማዋን ዋና ሕመም ጣለ። ካልጣለው ደግሞ የተበላሸውን መሣሪያና የቆመውን መኪና አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን የሚለየው እዚያው ቆሞ ያየና የጻፈ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ከካሊፎርኒያ ማስመጣት አይቻልም።

«የስልክ ጂፒኤስ አለ» የሚሉም አሉ። ስልክ መኪናው መቆሙን ይናገራል፣ ለምን እንደቆመ አይናገርም። ትንበያ የሚቆመው ደግሞ በዚህ «ለምን» ላይ ነው፦ የረዳቱ ጥሪ ነገም በዚያው ሰዓት አለ፣ አጀቡ ግን ላይኖር ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ኔትወርክ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መቁጠሪያ መሣሪያ ይተከልበት። መንገድ የሚዘጋ ሁሉ የዘጋበትንና የከፈተበትን ሰዓት፣ ከነምክንያቱ ይመዝግብ። ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ መገናኛ ላይ መጀመር ይቻላል።