ነጥብ መደርደር ብቻ አይደለም

ሥዕሎቹን በትናንሽ የቀለም ነጥቦች ስለሠራው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ስለ ዦርዥ ሴራ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ሴራን «በትዕግሥት ነጥብ የደረደረ ሠዓሊ» ብላችሁ ማለፋችሁ አልተዋጠልኝም። ሰውዬው እኮ የቀለም ሳይንስ አንብቦ ነው የገባበት። ሼቭረል የሚባለው ኬሚስት፣ ፓሪስ ጎብለን የሽመና ፋብሪካ ውስጥ «ጥቁሩ ክር ደበዘዘ» የሚል አቤቱታ ሲመጣበት፣ ጥፋቱ የማቅለሚያው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቀለም የሚያመጣው መሆኑን ደረሰበት። ሴራም ብርቱካናማን ከሰማያዊ ጎን የሚያስቀምጠው ለዚሁ ነው፣ አንዱ አንዱን ያጎላዋል። ከ1884 እስከ 1886 የሠራውን «ግራንድ ዣት» የሚባለውን ሥዕል ሣሩ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ አረንጓዴው መሃል ብርቱካናማ ጣል ጣል ተደርጓል። የሚያሳዝነው፣ የተጠቀመበት ዚንክ ቢጫ የሚባለው ቀለም ቶሎ ወደ ቡናማ ስለተለወጠ ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ባለው ሥዕል ላይ ሣሩ እንደ ድሮው አያበራም። ይሄን እንዴት ዘለላችሁት? ሠዓሊውን ሲኛክንስ በአንድ መስመር መጨረስ ምን ይሉታል? ሴራ በ1891 ገና በ31 ዓመቱ ሲሞት ይሄን የነጥብ አሣሣል ያስቀጠለው እሱ አይደል እንዴ!