የሳነቴው ጀግና

ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ሳነቴ አምባ ላይ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሳሩን የሚሰነጥቀው ወንድማችን እጁ ይባረክ። እኛ ፈሪዎቹ ጥርጊያውን ይዘን እንንፏቀቃለን። እሱ ግን ላንድክሩዘሩን ፎር ባይ ፎር አስገብቶ፣ "መንገድማ ለሚኒባስ ነው" ይላል። 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ ማን ትራፊክ ያስቆመዋል?

ለቀይ ቀበሮ ያለው ፍቅርስ! በዓለም ላይ የቀሩት 500 እንኳ አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት እዚሁ ባሌ ነው። ስለዚህ አንዷን ካየ ለሰልፊ እስክትመቸው በመኪና ይከተላታል። እሷ ምሳዋን እየጠበቀች ነበር። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ጆሮዋን ቀስራ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ። ይሄ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም። ጀግናችን ጉድጓዱን በጎማ ደፍኖ ከመጠበቅ ገላገላት። ራባት? የተረፈ ጥብስ በመስኮት ይወረውርላታል። ነገ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ መንገድ ትሮጣለች። የነገው መኪና ባይቆምስ? እሱ የነገው ሾፌር ጣጣ ነው።

ውሻውንም ይዞ መጥቷል፤ ቤት ብቻውን እንዳይከፋው። እ.ኤ.አ. በ2003 የባሌን ቀበሮዎች የፈጃቸው ከውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። የሱ ውሻ ግን የቦሌ ልጅ ነው። ክትባት ባያውቅም በሻምፑ ይታጠባል።

ዋናው ማታ ነው። ድንኳኑ መኪናው ጣሪያ ላይ ይዘረጋል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ስፒከሩ ይለቀቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቢራውን ቆጥሮ ቢጭንም ከሰሉን ረስቷል። ምን ችግር አለ? ወደ ሪራ መንደር ወረድ ብሎ አንድ እቅፍ የአስታ ቁጥቋጦ ቆርጦ ተመለሰ። አስታ እኮ እሳት ሲወድ! አንዴ ከያዘው ተራራውን ሙሉ ያዳርሳል።

የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ በጋቢው ተጀቡኖ መጣ። "ጌታዬ፣ እዚህ እሳት ክልክል ነው።"

"አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ ተፈጥሮ ወዳዶች ነን!" ቢራ ጋበዘው፤ ቸርነቱስ ቢሆን።

ጠዋት ቆሻሻውን ሜዳ ላይ አልበተነም። ኧረ እሱ የሰለጠነ ሰው ነው። ሃይላንዱን፣ ጣሳውን፣ አጥንቱን ሁሉ በፌስታል ቋጥሮ ጅብራ ተክል ላይ አንጠለጠለው። መኪናውን ሳያስነሳ አንድ ቁራ መጥቶ ፌስታሉን ቦጫጨቀው። ሜዳው በላስቲክ ተሞላ።

ጀግናችን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

"እዩት ይሄን ባለጌ! ፓርኩን እኮ አቆሸሸው!"