ከቢራ ፋብሪካው እንጀምር

ባክቴሪያ የፋብሪካ ፍሳሽን እያጣራ ኤሌክትሪክ ያመነጫል ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው ስንት አምፖል እንደሚያበራ ነው። እኔ ግን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ፍሳሽ ለማጣራት ከምናወጣው መብራት ምን ያህሉን ያስቀርልናል የሚለውን ነው እላለሁ።

ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዘዴ፣ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን እንዲያገኙ ወደ ገንዳው ያለማቋረጥ አየር ይነፋል፤ ማጣሪያ ጣቢያው ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚያልቀው በዚሁ ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየሩም ይቆማል። ማይክሮቢያል ፊውል ሴል በሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ሲሆን፣ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች ሲመገቡ የሚለቁትን ኤሌክትሮን አጠገባቸው ላለው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የካርቦን አካል፣ ማለትም ለኤሌክትሮድ፣ ያስረክባሉ። ኤሌክትሮኑም በሽቦ ተጉዞ አየር ወደሚያገኘው ሁለተኛው ኤሌክትሮድ ይደርስና ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። በሽቦው የሚያልፈው ይኸው ጉዞ ነው ኤሌክትሪኩ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖተር ከረቂቅ ተሕዋስያን ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው በ1911 እ.ኤ.አ. ነበር።

ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የተፈተነበትን አንድ ቦታ ላንሳ። በ2007 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ያታላ በሚገኘው የፎስተርስ ቢራ ፋብሪካ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሚረዝሙ 12 ቱቦዎች ያሉት፣ በድምሩ 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ መሣሪያ ተከለ። የተገኘው ኤሌክትሪክ ግን ከተጠበቀው በእጅጉ አነሰ፤ ፍሳሹ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ ዝቅተኛ ነበር፣ አየር በሚያገኘው ኤሌክትሮድ ላይም ባክቴሪያ እየተጋገረ አስቸገረ። ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የያዘ አንድ የኤሌክትሪክ ሕዋስ ብቻውን ከአንድ ቮልት በታች ስለሚሰጥ፣ ይህ ዘዴ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል ብሎ ቃል መግባት ሕዝብን ማሳሳት ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የተበከለውን የአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል፤ የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የቆዳው ቢሆንም፣ ክሮሚየምና ሰልፋይድ የበዛበት ፍሳሽ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ስለሚጎዳ መጀመሪያው እሱ መሆን የለበትም። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ በአንጻሩ ከብቅልና ከእርሾ የተረፈ፣ እንደ ጠላ አተላ ለሕያው ነገር ምግብ የሆነ ነው። እርግጥ ፍሳሹ ወፍራም ከሆነ የባዮጋዝ ማብላያ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ መተከል ያለበት ከማብላያው ቀጥሎ፣ ቀጠን ብሎ የሚወጣውን ፍሳሽ እንዲቀበል ሆኖ ነው፤ ይህም ዛሬ አየር የሚነፋበት ደረጃ ነው።

አንድ ቢራ ፋብሪካና አንድ ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ የገባውንና የወጣውን ፍሳሽ ጥራት፣ የተቆጠበውንም ኪሎ ዋት ሰዓት በየወሩ ለሕዝብ ይፋ የሚያደርጉበት አነስተኛ መሣሪያ ቢተክሉ፣ ወደ ሞጆ ስንሄድ በእጃችን የራሳችን ልኬት ይኖረናል።