ማንሃተን ላይ የተዋሐደው ወረቀቱ ነው
ስለ ሁለቱ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ «ኒውዮርክ ሴንትራልና ፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ1968 ፔን ሴንትራል ተብለው ሲዋሐዱ መስመራቸውም አንድ ሆነ» የሚለው አንቀጽ ቢታረም ጥሩ ነው። ማንሃተን ላይ አንድ የሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው። የኒውዮርክ ሴንትራል ባቡር ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ፣ የፔንሲልቫኒያ ደግሞ ፔን ስቴሽን ጣቢያ መግባቱን ቀጠለ፤ የአገር አቀፍ መንገደኛ ባቡር ድርጅት የሆነው አምትራክ በ1971 ሲረከብም ያው ነበር። ከአልባኒ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ ግራንድ ሴንትራል ባለበት 42ኛ ጎዳና ላይ ወርዶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ፔን ስቴሽን ከተማውን ያቋርጥ ነበር።

የአልባኒን መስመር ከፔን ስቴሽን ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ የተከፈተው በኤፕሪል 1991 ነው፤ ከውህደቱ 23 ዓመት በኋላ! የዕቃ ባቡር መሄድ ያቆመበትን የሃድሰን ወንዝ ዳር መስመር አድሰው በአንዲት ኩርባ ወደ ፔን ስቴሽን አስገቡት። ኩርባዋ ነጠላ ሐዲድ ስለሆነች አንዱ ሲዘገይ ከፊት የሚመጣው ቆሞ ይጠብቃል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ሦስተኛውን ሐዲድ፣ ማለትም ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ነው። በናፍጣ የመጣ ሎኮሞቲቭ ዋሻው ውስጥ ጭስ እንዳይለቅ በኤሌክትሪክ መሄድ አለበት። ግራንድ ሴንትራል በኩል ከሐዲዱ ኃይል የሚቀበለው የሎኮሞቲቩ ክፍል፣ «ጫማ» የሚባለው፣ ሐዲዱን ከሥር ነው የሚነካው፤ የሐዲዱ ላይ ክዳን ስላለው በረዶ ብዙም አያስቸግረውም። ፔን ስቴሽን ደግሞ ጫማው ከላይ ይንሸራተታል። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ጫማ ሌላው ጋ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በሁለቱም የሚገባ ሎኮሞቲቭ ለሁለቱም የሚሆን ጫማ ያስፈልገዋል። በ2018 ለጥገና ሲባል የአልባኒ ባቡሮች ለጥቂት ወራት ወደ ግራንድ ሴንትራል ሲመለሱም ጉዳዩ ይኸው ነበር።