አገር የሌለው ብሔራዊ ቡድን

ዌስት ኢንዲስ የሚባል አገር የለም። ፓስፖርት የለውም። በተባበሩት መንግሥታት ወንበር የለውም። የክሪኬት ብሔራዊ ቡድን ግን አለው። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ትሪኒዳድ፣ አንቲጓ፣ ጉያናና ሌሎችም የካሪቢያን አገሮች እንግሊዞች ያመጡባቸውን የዱላና የኳስ ጨዋታ በአንድ ማሊያ ይጫወታሉ። በእግር ኳስ ሁሉም ለየራሱ ነው። በክሪኬት ግን አንድ ናቸው።

"ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠቅስለት ይህን ቡድን ነው። ባይቀላቀሉ ኖሮ ቡድኑ ዛሬ አይኖርም ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፖለቲከኞቹ አንድ አገር ለመሆን ሞክረው ነበር። በ1958 አሥር ግዛቶች ተሰባስበው የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በ1961 ጃማይካውያን በሕዝበ ውሳኔ እንውጣ አሉ። የትሪኒዳዱ መሪ ኤሪክ ዊሊያምስ "ከአሥር አንድ ሲቀነስ ዜሮ ነው" ብለው አገራቸውን ይዘው ወጡ። በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። አራት ዓመት ብቻ ቆየ ማለት ነው።

ቡድኑ ግን አልፈረሰም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያኔ የራሱን የፖለቲካ ትግል ታግሎ አሸንፎ ስለነበር ነው። ለአሥርት ዓመታት ምርጥ ምርጦቹ ተጫዋቾች ጥቁሮች ሆነው አምበሉ ነጭ ነበር። በ1948 ጆርጅ ሄድሊ አምበል ቢሆን ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ ኤል አር ጄምስ በሚያዘጋጀው የፓርቲ ጋዜጣ ዘመቻ ከፈተ። ራሱን ሊያስተዳድር የተነሳ ሕዝብ አሥራ አንድ ተጫዋች የሚመራ ጥቁር እንዴት ያጣል? በ1960 የባርቤዶሱ ፍራንክ ዎረል አምበል ሆኖ ቡድኑን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ብሪዝበን ላይ የተደረገው ግጥሚያ የሁለቱም ጠቅላላ ነጥብ እኩል ሆኖ አለቀ፤ እንዲህ ያለ ውጤት በብሔራዊ ቡድኖች ደረጃ ታይቶ አይታወቅም ነበር። በድምሩ አውስትራሊያ አሸነፈች። የሜልበርን ሕዝብ ግን መንገዱን ሞልቶ ተሸናፊዎቹን በጭብጨባ ሸኘ።

ከዚያ 1976 መጣ። የእንግሊዝ አምበል ቶኒ ግሬግ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ ነጭ ነው። ከግጥሚያዎቹ በፊት በቴሌቪዥን ቀርቦ ዌስት ኢንዲሶችን አንበረክካቸዋለሁ አለ። አፓርታይድ ባለበት ዘመን፣ ከዚያ አገር የመጣ ነጭ የባሪያ ልጅ ልጆችን እንዲህ ሲል አስቡት። የመጨረሻው ግጥሚያ ለንደን ኦቫል ላይ ነበር። ድርቅ መትቶት ሣሩ ቡናማ ሆኗል። የጃማይካው ማይክል ሆልዲንግ ከሩቅ ተንደርድሮ ነው ኳስ የሚወረውረው፤ ሲሮጥ ኮቴው አይሰማም ይባልለታል። ግሬግን ሁለቴም ከጀርባው የተተከሉትን እንጨቶች በኳስ መትቶ አስወጣው። በዚያ ግጥሚያ ብቻ በሁለቱ ዙር 14 ጊዜ ተጫዋች አሰናበተ። የአንቲጓው ቪቭ ሪቻርድስ ደግሞ በአንድ ዙር 291 ነጥብ ሰበሰበ። እንግሊዝ 3 ለ 0 ተሸነፈች። ግሬግ ራሱ በካሪቢያን ስደተኞች ፊት በእጅና በጉልበቱ ዳኸ።

በዚያው ሰሞን ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ ምን እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቃል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ። ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ወርቁን እስከ ሞስኮ 1980 መጠበቅ ነበረበት። አትሌት በጉልበቱ ጫፍ ላይ እያለ አራት ዓመት መጠበቅ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር መጫወት ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ዌስት ኢንዲሶችም ተጠይቀዋል። በ1983 የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ተገልላ ስትቸገር ጥቁር ተጫዋቾቻቸውን በገንዘብ ማባበል ጀመረች። የሄዱ አሉ። አንዳንዶቹ ሥራ አጥ ስለነበሩ እኔ አልፈርድባቸውም፤ የክሪኬት ቦርዳቸው ግን ዕድሜ ልክ አገዳቸው። እገዳው የተነሳው ከዓመታት በኋላ ነው። ሪቻርድስ ብዙ ብር ቀርቦለት አሻፈረኝ አለ። ሲጫወት እጁ ላይ የሚያስራት ማሰሪያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበረች። ቀለሞቹ በራስ ተፈሪያውያን በኩል ከእኛ ባንዲራ የሄዱ ናቸው። ለእሱ የአፍሪካ ቀለሞች ነበሩ።

ዛሬ ቡድኑ እንደ ድሮው አይደለም። በ2023 ለዓለም ዋንጫ እንኳ አላለፈም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ክሪኬት ከ1900 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል። ኦሊምፒክ የሚያውቀው ደግሞ የየአገሩን ኮሚቴ ነው፤ ዌስት ኢንዲስን አያውቅም። ደንቡ ካልተለወጠ ጃማይካ ለብቻ፣ ባርቤዶስ ለብቻ ሊሆን ነው። ያ እንዳይሆን በግልጽ መሟገት ያስፈልጋል። ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ የተበተነውን አንድነት ያቆየውን ቡድን ደንብ ሊበትነው አይገባም።

ደግሞም አዲስ ነገር አይሆንም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ጃማይካ፣ ባርቤዶስና ትሪኒዳድ በአንድ ቡድን ተሰልፈው ሁለት ነሐስ ወስደዋል። አንዱ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው። ሯጮቹ ሦስቱ ጃማይካውያን፣ አንዱ የባርቤዶስ ልጅ ነበሩ። ሜዳሊያው እስከ ዛሬ በጋራ ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል።